ፍልውሃ ላይ ጋውንና ነጠላ ጫማ ሲጨመር ስፓ ይሆናል?

ሰኔ 30ን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ቢሮዬ ለገሃር ነው፣ ሥራዬ አካውንታንት። የዓመቱን ሒሳብ ዘግተን ስንጨርስ አንገቴ ወደ ግራ አልዞርም ብሎ ነበር፤ ሰው ከግራ ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ነው የምዞረው። አለቃዬ አይቶ አዘነ መሰለኝ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ዓይኗ ላይ ክብ ክብ ኪያር ደርድራ የተነሳችውን ፎቶ ለቀቀች። ከሥሩ ዌልነስ የሚል ቃል አለ፣ ሰውነትንና አእምሮን መንከባከብ ለማለት ነው። ቀናሁ። ቅናቴን ግን በክርክር ጠቅልዬ የውይይት መድረካችን ላይ ወረወርኩት።

የጻፍኩት ባጭሩ ይሄ ነው። ስፓ ስፓ የምትሉት ነገር እናቶቻችን ፍልውሃ የሚሉት ነው። ጋውን፣ ነጠላ ጫማ፣ የወፍ ድምፅ ያለበት ሙዚቃና ቫት ተጨመረበት እንጂ አዲስ ነገር የለውም። ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ። 25 ሺህ ብር አለኝ፣ ሦስት ቀን አለኝ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት አለችኝ፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው። የት ይዣት ልሂድ? ወይስ ብሬን አቅፌ ልተኛ?

በሁለት ቀን 41 መልስ መጣ። ሁሉንም አልተርክላችሁም፣ የተወሰነው ስድብ ሆኖ ተሰርዟል።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። ልክ ነሽ እህቴ ብሎ ጀመረና እንዲያውም ይህች ከተማ ራሷ ከገላ መታጠብ ነው የተወለደችው አለ። የምኒልክ ግቢ እንጦጦ ላይ ነበር፣ እንጦጦ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እቴጌ ጣይቱ እየወረዱ ፍል ውሃው ዘንድ መሰንበት ወደዱ፣ በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት ተሠራ፣ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ቤተ መንግሥቱ ገላ መታጠቢያውን ተከትሎ ወረደ ማለት ነው። ሌላ አገር ሰው ለስፓ ከከተማ ይወጣል፣ እኛ ስፓው ላይ ከተማ ሠራንበት ብሎ ጨረሰ። ወደድኩት።

መልስ 2 አልወደደውም። በትሕትና ግን ጠንከር አድርጎ አረመው። ጣይቱ ሲወርዱ ቦታው ባዶ አልነበረም፣ ስምም ነበረው፣ ፊንፊኔ ይባል ነበር። የቱለማ ኦሮሞ ሰዉም ከብቱም ከዚያ ሆራ፣ ማዕድን ካለበት ምንጭ ማለት ነው፣ ይጠቀም ነበር። ታሪክ ስታወራ ከመሀል አትጀምር አለው። መልስ 3 ለዚህ የጻፈውን አልደግመውም። መልስ 4 ለመልስ 3 የጻፈውንም እንዲሁ። ሁለቱም ተሰርዘዋል። መልስ 5 ነገሩን አበረደው። ኢሬቻ በሆራ ፊንፊኔ በ2012 ዓ.ም. እንደገና መሀል ከተማ መከበሩን አስታውሶ፣ ውሃው ከከተማዋ ይቀድማል ያለው ሰው እውነቱን ነው፣ ጣይቱም ወርደው መታጠባቸው እውነት ነው፣ አሁን የልጅቷን አንገት እናስብ አለ። ተባረክ አልኩት በልቤ።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ገባሁ፣ መልስ 6 የኔ ነው። ፍልውሃ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ ለማስረዳት። ልጅ ሆነን እማዬ ሦስታችንንም ቅዳሜ ጠዋት ትወስደን ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጥራችንን ይዘን እንጠብቃለን። ቁጥራችን ሲጠራ ሩጫ ነው። ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኖ አንዳችን የሌላችንን ፊት አናይም። ውሃው ያሙለጨልጫል፣ ሳሙናው አለቀ ብላችሁ ስትታጠቡ ገና ያልለቀቀ ይመስላችኋል። እማዬ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ እያንዳንዳችንን እስክንቀላ ታሸናለች። በር ይንኳኳል፣ ሰዓት አልቋል። ከዚያ ነፋስ እንዳይመታን በነጠላ ጠቅልላን ብርቱካን ልጣ ታጎርሰናለች። ለኔ ስፓ ያ ነው ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ልብ ተሰጠኝ።

መልስ 7 ልቧን አልሰጠችኝም። አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ልጅ ናት፣ እና አነጋገሯ እንደኔ የደከማት ሰው ነው። ናፍቆትሽ ደስ ይላል፣ ግን ሥራውን አታውቂውም አለችኝ። ድሮ እንግዳ የሚጠይቀው የዋና ገንዳው ይሞቃል ወይ፣ ቁርስ ይጨምራል ወይ የሚል ነበር። አሁን መጋረጃው ብርሃን ያስገባል ወይ፣ ፍራሹ ምን ዓይነት ነው፣ ከመንገድ ያለው ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ይላል። ሰው ለመተኛት ብቻ ከፍሎ ይመጣል። ይሄ ውጭ አገር የእንቅልፍ ቱሪዝም ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ከሳውና፣ ማለትም በሙቀት ከሚያልብ ክፍል፣ ወጥቶ በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ መዘፈቅም ፋሽን ነው። ስልክን መግቢያው ላይ አስረክቦ ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት መክረምም እንደዚሁ። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ የሙሽራና የሚዜ ፓኬጅ፣ የልደት፣ የመሥሪያ ቤት ቲም ቢልዲንግ ነው የሚሞላው። በመጨረሻ የሚጠቅም ነገር ጣል አደረገች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂጂ፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ሰዉም የለም፣ ማሳጅ የምትሠራውም ልጅ አልደከማትም። የመጨረሻዋን ምክንያት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

መልስ 8 ወንድ ነው። ማሳጅ የሚለውን ቃል ሲያይ ብሶቱ ተቀሰቀሰ። ወገቡን አሞት ሐኪም ማሳጅ ቢያዝለት ለሚስቱ መናገር ከሕመሙ በላይ ከብዶታል። የትኛው ማሳጅ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ብላ መርምራዋለች። አልፈርድባትም ይላል፣ በየሠፈሩ ጭለምለም ያለ ደረጃ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ ነው ቃሉን ያበላሸው። አሁን አብረው ነው የሚሄዱት። እሷ ለምዳው እሱን ትታው ትሄዳለች።

መልስ 9 ነገሩን አደፈረሰው። ሰው ዳቦ አጥቶ እናንተ ኪያር ዓይናችሁ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ኪያሩን ብሉት አለ። መልስ 10 አንተ ዳታህን በምን ሞላኸው፣ በዳቦ ነው አለችው። ሌላም ብላለች፣ አልጽፈውም። እኔ በመልስ 11 የ25 ሺህዋን ምንጭ ተናዘዝኩ። ዕቁብ ነው። ዓመት ሙሉ ጥያለሁ፣ ወጣልኝ። እናቴን ይዤ ልውጣ ብዬ ነው፣ ማንንም አልዘረፍኩም። ኪያር ባዩ ሰውዬ ዝም አለ፤ በኋላ ግን ተመልሶ የሶደሬን የመኪና ተራ የነገረኝ እሱ ነው።

መልስ 12 በ25 ሺህ ሁለት ሰው ሁለት ሌሊት ስፓ ጨምሮ ይበቃሻል፣ እኔ የአንድ ሎጅ ድረ ገጽ ላይ ዋጋውን አይቻለሁ አለኝ። እዚህ ላይ ሙያዬ አላስችለኝ አለ። መልስ 13 የኔ ነው፣ ትንሽ ረዘመ። ወንድሜ፣ ድረ ገጹ ላይ የሚታይህ ዋጋ ዋጋው አይደለም። በ10 ሺህ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ሲገባ 11 ሺህ ይሆናል። ቫት 15 በመቶው የሚሰላው በ11 ሺህው ላይ ነው። 12,650 ብር። 25 በመቶ ተጨመረ ብለህ ታስባለህ፣ 26.5 ነው። አምና አንድ ሎጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ይሄ ሳይነገረን ገብተን ሒሳቡ ሲመጣ ከእህቴ ጋር ቦርሳችንን ገልብጠን ሳንቲም ስንቆጥር የሁለት ቀን ማሳጃችን በሁለት ደቂቃ ጠፍቷል። ትከሻዬ ከመሄዴ በፊት ከነበረው ብሶ ነው የተመለስኩት። ደግሞ ብር ከዶላር ጋር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዘይቱም ክሬሙም ከውጭ የሚመጣ ቤት ዋጋውን የሚከልሰው በየጊዜው ነው። ደውላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ በቴሌግራም በጽሑፍ አስልኩ።

መልስ 14 የደሴ ልጅ ናት፣ አሁን አራት ኪሎ ነው የምትኖረው፣ ተቆጥታብኛለች። ፍልውሃ ፍልውሃ ትያለሽ፣ ወይባን እንዴት ረሳሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አፈርኩ። ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈች፣ እንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ በመድረካችን ላይ ብዙ አይገኝም። መሬቱ ላይ ጉድጓድ አለ፣ የወይባው እንጨት እዚያ ውስጥ ይጨሳል፣ አይነድም። ቅቤ ተቀብተሽ ራቁትሽን በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ። ከአንገትሽ በታች በቡልኮ ትሸፈኛለሽ፣ ጭንቅላትሽ ብቻ ነው ውጭ የሚቀረው። መጀመሪያ ጭሱ ይለበልብሻል፣ በኋላ ላቡ ከአገጭሽ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ እንቅልፍ ይመጣል። ስትነሺ ቆዳሽ የማር ቀለም ይዟል። ሽታው አንሶላሽን ለቀናት አይለቅም። ለሙሽራ ይደረጋል፣ ለአራስ ይደረጋል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ያደርገዋል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከሞሮኮ ባዝ ጎን በዝርዝር ዋጋው ላይ ተጽፎ ስታየው ሳቋ እንደሚመጣ ተናገረች። አያቷ በነፃ ያደረጉላትን አሁን በቀጠሮ ነው።

ስለ ሞሮኮ ባዝም እግረ መንገዷን አነሳች። እሱን እኔም ሞክሬዋለሁ። እንፋሎት ውስጥ ትቆያላችሁ፣ ከወይራ ዘይት የሚሠራ ጥቁር ሳሙና ይቀባችኋል፣ ከዚያ ልጅቷ ሻካራውን ጓንት አጥልቃ ትፈገፍጋለች። ከክንዴ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር እየተጠቀለለ ሲወርድ፣ ልጅቷ በኩራት አሳየችኝ። ይሄ ሁሉ ካንቺ ነው አለችኝ። ምን ይባላል፣ አመሰገንኩ።

መልስ 15 ነርስ ናት። ጨዋ ግን ቆፍጠን ያለች። ወይባም ይሁን ሌላ ጭስ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የታመቀ ጭስ ያፍናል፣ ሽታው ደስ ስላለን አደጋውን አያስቀረውም አለች። ነፍሰ ጡር አትግባ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳውናም ሆነ ፍል ውሃ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከመጠጥ በኋላ ማንም አይግባ። ከሙቅ ወጥቶ በድንገት ቀዝቃዛ ውስጥ መዘፈቅ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽን ቀጥ ያደርጋል፣ ልብንም ያስደነግጣል፣ እና ለሁሉም ሰው አይደለም። መልስ 16፣ የደሴዋ ልጅ፣ አያቴ ጭሱ ውስጥ ኖረው ነው ያረጁት ብላ መለሰችላት። መልስ 17፣ ነርሷ፣ የአያትሽ ቤት ጣራ ሳር ነበር፣ ጭሱ ይወጣል፣ ያንቺ ኮንዶሚኒየም ነው አለቻት። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ግሩም አነጋገር ነው።

መልስ 18 ከፍራንክፈርት ነው የመጣው። እዚያ የምትኖር እህታችን ነገሩን ወደ አውሮፓ ወሰደችው። ስፓ የሚለው ቃል የቤልጂግ ከተማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ ሰባት አገሮች ውስጥ ያሉ 11 የፍል ውሃ ከተሞችን በቅርስነት መዝግቧል፣ ስፓም አንዷ ናት። የፊንላንድን የሳውና ባህል ደግሞ ከዚያ በፊት በ2020። ጀርመን ውስጥ ኩር የሚባል ነገር አለ፤ ሐኪም ያዝልሃል፣ ኢንሹራንስ ሲቀበለው ሦስት ሳምንት ያህል ሄደህ ውሃ ውስጥ ትዘፈቃለህ፣ ትራመዳለህ፣ ትታሻለህ። የእናቴ ጉልበት እዚያ ቢሆን ወረቀት ተጽፎለት ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይሄንን ሁሉ አንብበን ሳንጨርስ ግን በመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ ነገር አመጣች። እዚያ ሳውና የሚገባው ራቁት ነው፣ ወንድና ሴትም ብዙ ቦታ አብሮ ነው አለች።

ከመልስ 19 እስከ 23 ያለውን አትጠይቁኝ። የፍል ውሃ ወሬ ጠፋ፣ ዩኔስኮ ጠፋ፣ ኢንሹራንስ ጠፋ። አንዱ ቪዛ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቀ። ሌላው ይሄ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የምትሉት ብሎ ረዥም ስብከት ጻፈ። እህታችን ማንም ማንንም እንደማያይ፣ ሁሉም ሰው አሸዋ የሚፈስበትን የግድግዳ ሰዓት ብቻ እንደሚያይ ለማስረዳት ሞከረች። ማን ይስማት።

መልስ 24 መለሰን። ሐኪም ነኝ ይላል፣ አጻጻፉም እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፊንላንድ ጥናት አለ፣ 2,315 በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ለ20 ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ በሳምንት ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ ሳውና የሚገቡት በሳምንት አንዴ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞታቸው ነገር ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ነገሩ ቅንጦት ብቻ አይደለም አለ። መልስ 25 ተማሪ ይመስለኛል፣ ግን አልፈራም። በሳምንት ሰባት ቀን ሳውና ለመግባት ጊዜና ጤና ያለው ሰው ድሮም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ጥናቱ አብሮ መሄዱን እንጂ ሳውናው ማዳኑን አላሳየም አለው። ሐኪሙ ትክክል ነህ ብሎ ተቀበለ። በኢንተርኔት ላይ ሰው ትክክል ነህ ሲባል ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ያው ተማሪ መልስ 26 ላይ ለሌላ ሰውም አልተኛለትም። አንድ ነጋዴ የዌልነስ ኢኮኖሚ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ደረጃ 6.3 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል፣ እኛ ተኝተናል ብሎ ነበር። ቁጥሩ የግሎባል ዌልነስ ኢንስቲትዩት መሆኑን፣ ግን ውስጡ መዋቢያውም፣ ጤናማ ምግቡም፣ ጂሙም ተደምሮ እንጂ የስፓና የጉዞ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳው። ነጋዴው ተናደደ። እሱም ቢሆን የተናገረው አንድ እውነት አለ። የኩሪፍቱ ሪዞርት መሥራች አቶ ታዲዎስ ጌታቸው ቦስተን የስፓ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ያንን ነው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያመጡት። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በቅዳሜና እሑድ ደርሶ መልስ የሚሆን ቦታ መምረጣቸው ራሱ ግማሹ ሥራ ነው አለ።

መልስ 27 የምድር ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ከተማችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። የዝናቡ ውሃ በስንጥቅ ጠልቆ ይወርዳል፣ እታች ይሞቃል፣ በሌላ ስንጥቅ ይመለሳል። ፍልውሃ ያለው እንዲህ ያለ ስንጥቅ ላይ ነው፣ ስንጥቁም ስሙ የፍልውሃ ስንጥቅ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራው የሂልተን የዋና ገንዳም ውሃውን የሚያገኘው ከዚያው ከምድር ሙቀት ነው። ከዚያ አይስላንድን አነሳ። ዓለም በአውሮፕላን የሚሄድበት ብሉ ላጉን የሚባለው ሰማያዊ ገንዳ የተፈጥሮ ምንጭ አይደለም፣ በእንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ የሚለቀው ውሃ ነው። እኛም አሉቶ ላንጋኖ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ አለን፣ ትርፉን ውሃ ማን አሰበው አለ። ሰውዬው ሌላ ምንም አልጻፈም፣ ስሙን ባውቀው እራት እጋብዘው ነበር።

መልስ 28 የናዝሬት ልጅ ነው። መታጠብና መጠጣት ይለያይ አለ። ጥርሱን ፎቶ አንስቶ ለጠፈልን፣ ቡኒ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጥርስን የሚያበልዘው ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ የእኛ አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ፍል ውሃ ለሆድ መድኃኒት ነው ብሎ በጆግ የሚጠጣውን ሰው ተዉ በሉት። ከዚያ ወሬው ወደ አምቦ ውሃ ሄደ። አምቦ በብርጭቆ ጠርሙስ ካልሆነ አምቦ አይደለም የሚሉና የፕላስቲኩን የሚወዱ ሰዎች ተጣሉ። አልገባሁበትም።

መልስ 29 ከባዱ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፈቅ አዲስ ፋሽን ነው ለምትሉ፣ እናቶቻችን ሌሊት 11 ሰዓት እንጦጦ ጠበል ሥር ሲቆሙ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀ። ቀልድ መስሎታል። መልስ 30 ጠበልን ከስፓ ጋር አታነጻጽር፣ አፍህን ሰብስብ አለው። መልስ 31 ዲያቆን ነኝ ያለ ልጅ ነው፣ ለስለስ ብሎ ገባ። ጠበል በእምነት፣ በጾምና በጸሎት ነው፣ ቅዝቃዜው አይደለም ቁም ነገሩ፣ ጠያቂው ግን በክፋት የጠየቀ አልመሰለኝም አለ። ሁለቱም ረገቡ።

ያ ክፍት በር መልስ 32ን አስገባ። እሷ አስተማሪ ናት፣ እና ከሁሉም በላይ ያሳቀችኝ እሷ ናት። ስልክ አስረክቦ ሰባት ቀን ዝም ማለት ሱባኤ ይባላል። ሆድ ማጽዳት፣ ዲቶክስ የምትሉት፣ ኮሶ ይባላል፤ አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው የዋሉበት ቀን እንግዳ አይቀበሉም ነበር፣ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ቤት ተዘግቶ እየታከሙ መሰንበት ወሸባ ይባላል፤ በኮሮና ጊዜ ቃሉን ከመዝገብ አውጥተን ለለይቶ ማቆያ ሰጠነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1982 ጫካ መታጠብ የሚል ስም ላወጡለት ነገር ደግሞ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ጠይቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጫካ ታጥበዋል። ከሣቅን በኋላ ትንሽ ዝም አልን።

ከዚያ ናፍቆት ሆነ። ካዛንቺስ ሳትፈርስ እዚያ ያደገ አንድ ሰው የሠፈር ልጆች ቅዳሜ ሳሙና በፌስታል ቋጥረው ወደ ፍልውሃ የሚወርዱበትን መንገድ በየሱቁ ስም ቆጠረ፣ አሁን የትኛውም የለም። ኪያር ባዩ ሰውዬ፣ መልስ 35፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ፣ ከአዳማ ሶደሬ ብሎ መንገዱን ዘረዘረልኝ። ምግባችሁን ለጦጣ አታሳዩ አለ፤ በአምስተኛ ክፍል ጉዞ እንቁላል ፍርፍሩን ከነሳህኑ የወሰደበትን ጦጣ እስከ ዛሬ ፊቱን ያውቀዋል። ሌላዋ ወንዶ ገነት አለች፣ ሌላው ወሊሶ፣ ሌላው ወንጪ። ሁሉም የራሱን ያሞግሳል። እኔም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ ርቀቱን፣ ዋጋውን፣ ቫቱን እየደረደርኩ ነበር። ልማድ ነው።

መልስ 38 አጭር ናት። ስንት ቀን እየተከራከርን ነው፣ እናትሽን ጠየቅሻት ወይ?

አልጠየቅኳትም።

ማታ ቡና ላይ ጠየቅኳት። ሐይቅ ዳር፣ ነጭ አንሶላ፣ ጉልበትሽን የምታሽልሽ ልጅ፣ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አሳየኋት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየች፣ ያምራል አለች። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠችና፣ ካልሽ ፍልውሃ ውሰጂኝ፣ ብቻዬን ልግባ አለች። ለምን ብቻሽን አልኳት። እናንተን ሦስታችሁን አጥቤ ስጨርስ በር ይንኳኳ ነበር እኮ አለች። አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም።

መልስ 6 ላይ የጻፍኩትን ተመልሼ አነበብኩት። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቀሚሷን ሸጉጣ። ጽፌዋለሁ፣ ግን አላየሁትም።

ትናንት ማክሰኞ ሄድን። መልስ 41 ውሳኔሽስ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፣ ነጠላዋንና ሁለት ብርቱካን ይዤ፣ ውጭው ዝናብ ነው። ቆይቼ እመልሳለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ተራ አስከባሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ በሩ ሲሄድ ተነስቼ ቀደምኩት። ለእማዬ የአንድ ሰው ሒሳብ ደግሜ ከፈልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።